ጉርጁ ኻቱን፦ ከትብሊሲ ቤተ መንግሥት እስከ ኮንያው ቁባ

በእነዚህ የረመዳን ምሽቶች፣ ከኢፍጣር በኋላ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ሲከፍት፣ ስለ ቱርክ በሚቀርቡ ዝግጅቶች ውስጥ አንድ ሕንፃ ደጋግሞ ብቅ ይላል። በኮንያ ከተማ የሚገኘው፣ ጫፉ እንደ ተቀረጸ እርሳስ የሾለው አረንጓዴ ቁባ ነው። ከሥሩ ያረፉት መውላና ጀላሉዲን ሩሚ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ቁባው እንዲቆም ገንዘብ ካወጡት ሰዎች አንዷ የጆርጂያ ንግሥት ልጅ እንደነበረች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህች ሴት በታሪክ የምትታወቀው ጉርጁ ኻቱን በሚል ስም ነው። የጆርጂያዋ እመቤት ማለት ነው። በተወለደችበት አገር የወጣላት ስም ታማር ነበር። ታሪኳን የምንተርክላችሁ ለቁባው ብቻ ብለን አይደለም። ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ዙፋን የሚባለው ነገር አንድን ቤተሰብ እንዴት እርስ በርሱ እንደሚያባላ አይታለች፤ በመጀመሪያ በእናቷ ቤት፣ ቀጥሎም በባሏ ቤት። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጆርጂያ ከጥቁር ባሕር በስተምሥራቅ፣ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለች የክርስቲያን አገር ናት። ነገሥታቷ ባግራቲዮኒ ከሚባለው ቤት ይወለዱ ነበር፤ የዚሁ ዘር ሌላ ቅርንጫፍ ቀደም ባለው ዘመን በአርመን፣ አኒ በተባለችው ከተማ ነግሦ ነበር። ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ግን ለሙስሊሞችም እንግዳ አይደለችም። አራት መቶ ዓመት ገደማ በሙስሊም አሚሮች ስትተዳደር ቆይታ ነው ንጉሥ ዳዊት በ1122 የያዛት። የዘመኑ ሙስሊም ጸሐፊዎች ይህ ንጉሥ በከተማዋ ለቀሩት ሙስሊሞች መልካም እንደነበረ፣ በሰፈራቸውም አሳማ እንዳይታረድ መከልከሉን መዝግበውለታል። ጠላት የተባለን ሰው መልካም ሥራ መመዝገብ የእነዚያ ጸሐፊዎች ጥሩ ልማድ ነበር።

የዙፋኑ ቁስል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1177 ዴምና የተባለ ወጣት መስፍን በአጎቱ በንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ ላይ ተነሣ። ዴምና የሟቹ ታላቅ ወንድም ልጅ ስለነበር ዙፋኑ የእኔ ነው ይል ነበር፤ ኃያላኑ የኦርቤሊ መሳፍንትም ደገፉት። ተሸነፈ። አጎቱ ዓይኑን አስወጣው፣ ዘር እንዳይተካም አሰለበው። ከዚያም በ1178 ወንድ ልጅ ያልነበረው ንጉሥ ሴት ልጁን ታማርን በሕይወት ሳለ ዘውድ ጫነላት። እሷ ከ1184 እስከ 1213 ነግሣ ጆርጂያን እጅግ ኃያል ያደረገችው ታላቋ ታማር ናት። አኒን ጨምሮ የአርመን አገር ሰፊ ክፍልም ለእሷ በገበሩ በዛካርያን መሳፍንት እጅ ነበር። የእኛዋ ባለታሪክ ስሟን የወረሰችው ከዚህች አያቷ ነው።

ታላቋ ታማር ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ጊዮርጊስ ላሻ እና ሩሱዳን። ላሻ ከእናቱ በኋላ ነገሠ። ከመኳንንት ወገን ያልሆነች፣ ባል የነበራት ሴት ወዶ ዳዊት የሚባል ልጅ ወለደ። ጳጳሳቱና መኳንንቱ ትዳሩን አንቀበልም ብለው ሴቲቱን ወደ ባሏ አስመለሷት፤ ሕፃኑ ግን በቤተ መንግሥት ቀረ። በዚህ መካከል ማንም ያልጠበቃቸው ሞንጎሎች መጡ። ንጉሡ ከእነርሱ ጋር ሲዋጋ ቆሰለ፤ በ1223 መጀመሪያም ሞተ። ልጁ ዳዊት ገና ሕፃን ነበር። ዘውዱን የላሻ እኅት ሩሱዳን ጫነች።

እዚህ ላይ ነገሩን ልብ በሉልን። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት አጎትና የወንድም ልጅ የተጋደሉበት ጥያቄ እንደገና ተመልሶ መጣ። አሁን ግን በአንድ ወገን የቆመችው አክስት ናት፤ በሌላው ወገን ያለው የሟች ወንድሟ የሙት ልጅ ነው።

ንግሥት ሩሱዳን ባል ያስፈልጋት ነበር። የመጣውም ከማይጠበቅ ቦታ ነው። የኤርዙሩም ገዥ የነበረው የሴልጁቁ ሙጊሱዲን ቱግሪልሻህ ልጁን ለንግሥቲቱ ሰጠ። ሙስሊም ባል በጆርጂያ ዙፋን አጠገብ ሊቀመጥ ስለማይችል፣ አባት ልጁን ክርስትና ተነሥቶ እንዲያገባት አዘዘው። በዚያው ዘመን የኖሩት ታላቁ የታሪክ ሰው ኢብኑል አሲር ይህን ሲጽፉ መሰሉ ያልተሰማ እንግዳ ነገር ብለው ተገርመዋል። እኛም ስናነበው ተገርመናል። አንድ አባት የልጁን ዲን ለጋብቻ ዋጋ ከፈለ፤ ያገኘውም ብዙ አልነበረም፤ ትዳሩ አልሰመረም። ከዚህ ጋብቻ ግን ሁለት ልጆች ተወለዱ፤ ታማር እና ዳዊት።

በዚህም የተነሣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዳዊቶች አደጉ። አንዱ የንግሥቲቱ ልጅ፣ ሌላው የወንድሟ ልጅ። በኋላ ሞንጎሎች ለመለየት ታላቁን ኡሉ፣ ታናሹን ናሪን ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ትልቁ እና ትንሹ እንደማለት ነው። እኛም በእነዚሁ ስሞች እንጠራቸዋለን።

የታማር ልጅነት የሽሽት ልጅነት ነበር። በ1225 የኸዋሪዝሙ ሻህ ጀላሉዲን፣ በሞንጎሎች ከአገሩ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ እየተዋጋ የመጣው፣ በአርመናዊው መስፍን በኢቫኔ ዛካርያን የሚመራውን የጆርጂያ ሠራዊት ጋርኒ ላይ ሰበረው። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ትብሊሲን ያዘ። ንግሥቲቱ ልጆቿን ይዛ በምዕራብ ወዳለችው ኩታይሲ ሸሸች። ጀላሉዲን ከጠፋ በኋላ ደግሞ ሞንጎሎች ራሳቸው ተመልሰው መጡ፤ በ1236 የአርመንና የምሥራቅ ጆርጂያ መሳፍንት አንድ በአንድ እጃቸውን ሰጡ።

በደቡብ ምዕራብ በኩል የነበረው ጎረቤት የሩም ሴልጁቅ ሱልጣኔት ነው፤ ዋና ከተማው ኮንያ። በ1230ዎቹ መጀመሪያ የሱልጣን ዓላኡዲን ከይቁባድ ሠራዊት ወደ ጆርጂያ ዘልቆ ብዙ ምሽጎች በያዘ ጊዜ፣ ሩሱዳን ሰላም ለመግዛት ሕፃን ልጇን ለሱልጣኑ ልጅ እንደምትድር ቃል ገባች። ከይቁባድ በ1237 ሞቶ ልጁ ጊያሱዲን ከይኹስረው ሲነግሥ የቃሉ ቀን ደረሰ። ታማር ያኔ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበረች። በአባቷ በኩል ብትቆጠር እሷም የሴልጁቅ ዘር ናት፤ ወደ አባቷ ወገን ነው የተመለሰችው። በስምምነቱ መሠረት በሃይማኖቷ እንድትቆይ ተፈቅዶላት ካህናቷንና ሥዕሎቿን ይዛ ሄደች።

ይዛ ከሄደቻቸው ሰዎች መካከል አንዱ የአጎቷ ልጅ ዳዊት ኡሉ ነበር። እናቷ ሙሽራዋን እንዲያጅብ ብላ ላከችው። እውነተኛው ዓላማ ግን ሌላ ነበር፤ እንዳይመለስ። ሱልጣኑ እንዲይዘው ተጠየቀ፤ ያዘውም። ሩሱዳን በበኩሏ በገዛ ልጇ በናሪን ራስ ላይ ዘውድ አስጫነች። የሠርግ አጃቢ ሆኖ የሄደው ልጅ ለዓመታት በእስር ቀረ።

የዚህን ቀጣይ ክፍል የሚተርክልን በአሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ስሙ ያልታወቀ የጆርጂያ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነው። እንደሱ አባባል ሩሱዳን የወንድሟ ልጅ መታሰሩ አላጠገባትም፤ እንዲሞት ፈለገች። ስለዚህ ለአማቿ ደብዳቤ ጽፋ ዳዊትን ከልጇ ከታማር ጋር በነውር ከሰሰችው። እናት የገዛ ልጇን! ሱልጣኑ በቁጣ ሚስቱን በፀጉሯ ጎተታት፣ ሥዕሎቿን ረገጠ፣ ሃይማኖቷን ካልለወጠች እንደሚገድላት ዛተባት ይላል ጸሐፊው። ዳዊትንም ባሕር ውስጥ አስጣለው፣ ከዚያም እባብ በሞላበት ጉድጓድ አስወረወረው፤ ልጁ ግን ዳነ።

እባቡንና ባሕሩን ለተረት እንተወው። ጸሐፊው ለዳዊት ኡሉ ወገን የሚያደላ ሰው ስለሆነ በሩሱዳን ላይ ብዕሩ እንደሚከብድም ይታያል። ስም ማጥፋቱ ግን ለማመን አይከብደንም። ንጹሕ ሴትን በነውር መክሰስ በሃይማኖታችን ከከባድ ወንጀሎች የሚቆጠር ነው፤ ዙፋን የሚፈልግ ሰው ግን ከዚህም የባሰ ሲሠራ ታይቷል። ሱልጣኑ አስገደዳት የሚለውን በተመለከተ ደግሞ፣ አድርጎት ከሆነ ዲናችን ያልፈቀደለትን ነው ያደረገው፤ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ልንሸፍንለት አንችልም። ታማር ሰለመች፤ ስሟም ጉርጁ ኻቱን ሆነ። ይህ ሱልጣን ሞቶ፣ የሚያስገድዳት ሰው ጠፍቶ፣ እሷ በእስልምናዋ ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ መኖሯን ግን ከፊታችን እናገኘዋለን።

ከይኹስረው እንደሚወዳት የሚያሳይ ነገርም አለ። ከ638 እስከ 641 ዓመተ ሂጅራ ያስመታቸው የብር ድርሃሞች ዛሬም በየሙዚየሙ አሉ፤ በላያቸው አንበሳ፣ ከአንበሳው ጀርባ በላይ ደግሞ የሰው ፊት ያላት ፀሐይ ትታያለች። የሶርያው ጳጳስ ባር ሔብሬዎስ እንደጻፈው፣ ሱልጣኑ የጆርጂያዊት ሚስቱን መልክ በገንዘብ ላይ ማስቀረጽ ፈልጎ ነበር። አማካሪዎቹ ይህ በሙስሊም አገር ነውር እንደሆነ ስለነገሩት፣ አንበሳው እሱን ፀሐይዋ እሷን እንዲወክሉ ተደረገ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ምስሉን ከኮከብ ቆጠራ ጋር ያያይዙታል፤ የፍቅሩ ወሬ ግን ከሰው አፍ አልወጣም።

ፍቅሩ አገር አላዳነም። ሰኔ 26 ቀን 1243 በሲቫስና በኤርዚንጃን መካከል፣ ኮሴ ዳግ በተባለ ተራራ፣ የሞንጎሉ አዛዥ ባይጁ የሱልጣኑን ሠራዊት በአንድ ቀን በተነው። በሞንጎሎች በኩል የገበሩ የጆርጂያና የአርመን ወታደሮች ተሰልፈው ነበር፤ በሱልጣኑም በኩል እንዲሁ ጆርጂያውያን ነበሩ። ከይኹስረው ሸሸ። እናቱ ማህፐሪ ኻቱን፣ በካይሰሪ ያለውን ውብ መስጊድ በ1238 ያሠራችው፣ ወደ ኪልቅያው የአርመን ንጉሥ ወደ ሄቱም ሄዳ ተጠጋች። ሄቱም ከሞንጎሎች ጋር ለመስማማት ሲል እንግዳውን አሳልፎ ሰጣት። ሙስሊሞች ይህን ለረጅም ዘመን አልረሱለትም።

ከሽንፈቱ በኋላ ሞንጎሎች እስረኛውን ዳዊት ኡሉን አስወጡት። ሩሱዳን በ1245 ሞተች። ከይኹስረውም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። በአንድ ጊዜ ሁለት ዙፋኖች ባለቤት አጡ፤ ጉርጁ ኻቱንም በሁለቱም በኩል ዘመድ ነበረች።

ነሐሴ 24 ቀን 1246 ጉዩክ ታላቅ ኻን ሆኖ በሞንጎሊያ ሲነግሥ፣ ዙፋን የሚለምኑ መሳፍንት ከየአገሩ እዚያ ተሰብስበው ነበር። ከመካከላቸው የጉርጁ ኻቱን ወንድም ናሪን ነበር፤ የአጎቷ ልጅ ኡሉም ነበር፤ የእንጀራ ልጇ ቂሊጅ አርስላንም ነበር። አንዲት ሴት ኮንያ ተቀምጣ ሦስት ዘመዶቿ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው በአንድ ባዕድ ገዥ ድንኳን ደጅ ቆመዋል። ኻኑ ለጆርጂያ የሰጠው ፍርድ ለማንም አልበጀም። በ1247 ሁለቱንም ዳዊቶች አነገሣቸው፤ ኡሉን በላይ፣ ናሪንን በታች አድርጎ። ለጥቂት ዓመታት አብረው ገዙ። በ1259 ናሪን በሞንጎሎች ላይ አምፆ ወደ ኩታይሲ ሄደ፤ አገሩም በኋላ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ።

በኮንያ የሆነው ይብሳል፤ ለጉርጁ ኻቱንም የቀረበው ይህ ነው። ከይኹስረው ሦስት ወንዶች ልጆች ትቶ ነበር፤ ከሦስት እናቶች። ታላቁ ዒዙዲን ከይካውስ፣ መካከለኛው ሩክኑዲን ቂሊጅ አርስላን፣ ታናሹ ዓላኡዲን ከይቁባድ። ታናሹ የጉርጁ ኻቱን ልጅ ነው። አባቱ አልጋ ወራሽ አድርጎ የመረጠው እሱን ነበር፤ ሱልጣኑ ሲሞት ግን ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ብቻ ነበር። ዋናው ሹም ሸምሱዲን ኢስፈሃኒ ኑዛዜውን ትቶ ታላቁን አነገሠ። መካከለኛው ከሞንጎሊያ የሹመት ደብዳቤና ወታደር ይዞ ሲመለስ ኢስፈሃኒ በ1249 ተገደለ። በመጨረሻ ሦስቱም ልጆች ባንድነት ሱልጣን ናቸው ተባለ። በሦስቱ ስም የተመታ ገንዘብ አለ።

ሦስት ሕፃናት አንድ ዙፋን ላይ ሲቀመጡ የሚገዙት እነሱ አይደሉም። አንዱ ሹም አንዱን ልጅ፣ ሌላው ሹም ሌላውን ይዞ ነበር ትግሉ። በ1250ዎቹ አጋማሽ ትንሹ ከይቁባድ አዲሱን ታላቅ ኻን መንግኬን እጅ እንዲነሣ ተላከ። ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን ያን ረጅም መንገድ ወንድሟ ሄዶበት ተመልሷል፤ የአጎቷ ልጅ ሄዶበት ተመልሷል። የእሷ ልጅ አልተመለሰም። በመንገድ ላይ ሞተ፤ መርዝ ነው ተባለ። እናቱ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ወልዳው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ አጣችው።

ከዚያ በኋላ የምናገኛት የሙዒኑዲን ሱለይማን ሚስት ሆና ነው። ይህ ሰው በሹመት ስሙ ፐርዋነ ይባላል፤ ቃሉ በፋርስኛ ቢራቢሮ የሚል ትርጉምም አለው። ከሞንጎሎች ጋር እየተስማማ የሩምን አገር ለሃያ ዓመት ገደማ በእጁ ያደረገ ብልህና ጨካኝ ሰው ነበር። ከይካውስ አገር ጥሎ ተሰደደ። ቂሊጅ አርስላን በፐርዋነ ሴራ በ1260ዎቹ አጋማሽ ተገደለ፤ በምትኩም ሕፃን ልጁ ነገሠ። ጉርጁ ኻቱን እንደገና ሕፃን በተቀመጠበት ዙፋን አጠገብ ነበረች፤ አሁን ግን የሕፃኑ እናት ሳትሆን የጠባቂው ሚስት ናት።

በዚህ ሁሉ ዓመት ወደ መውላና ጀላሉዲን ሩሚ ደጅ ትመላለስ ነበር። መውላና በልጅነታቸው ከባልኽ አካባቢ ከወላጆቻቸው ጋር ተሰደው ኮንያ የደረሱ ዓሊም ነበሩ። ፐርዋነም ይመጣ ነበር፤ መውላና አንዳንድ ጊዜ ደጅ ያስጠኑትና ሲገባም ከሞንጎሎች ጋር ስላለው ነገር ይገሥጹት እንደነበር ይነገራል። የጉርጁ ኻቱን ግን የሙሪድ ፍቅር ነበር። የመውላናን ሕይወት የጻፈው አፍላኪ ደጋግሞ ያነሣታል።

ከነዚህ ትረካዎች የታወቀው የሠዓሊው ነው። ጉርጁ ኻቱን ወደ ካይሰሪ ልትሄድ ሆነ፤ ከመውላና መራቅ ከበዳት። ዐይኑድደውላ የተባለ የሩም ሠዓሊ ላከች፤ መልካቸውን ሥሎ እንዲያመጣላትና በመንገድ እንዲያጽናናት። መውላና ከቻልክ ሥራ ብለው ቆሙለት። ሠዓሊው ሥሎ ቀና ሲል መልካቸው ከሣለው የተለየ ነው። ሌላ ወረቀት ወሰደ፣ እንደገና ተለየበት። ሃያ ወረቀት ሞላ፣ ሃያ የተለያየ ሰው ወጣ፤ ብዕሩን ሰብሮ እግራቸው ሥር ወደቀ። ጉርጁ ኻቱን ሃያውንም ወረቀት በሣጥን አድርጋ በሄደችበት ሁሉ ትይዛቸው ነበር ይላል አፍላኪ። ሥዕልን በተመለከተ ዑለሞች የሚሉትን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ እኛም ትረካውን ለአርአያነት አላመጣነውም። እኛን የነካን ሣጥኑ ነው። የልጅነት ሥዕሎቿ በባሏ እግር ተረግጠዋል የተባለች ሴት፣ በሌላ ሣጥን አንድም መልክ ያልያዙ ሃያ ወረቀቶችን ተሸክማ ስትጓዝ ይታያችሁ።

መውላና ታኅሣሥ 17 ቀን 1273 ወደ አኺራ ሄዱ። ጀናዛቸውን ሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን የከተማዋ ክርስቲያኖችና አይሁዶችም ሸኙት። ልጃቸው ሱልጣን ወለድ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆኖ በቀብሩ ላይ ቁባ እንዲቆም ፈለገ። ዐለሙዲን ቀይሰር የተባለው አሚር ተነሣ፤ ገንዘቡን ጉርጁ ኻቱንና ፐርዋነ ሰጡ። በድሩዲን ተብሪዚ የተባለው ባለሙያ በአራት ግዙፍ ምሰሶዎች ላይ አቆመው። ዛሬ የምናየው የሾለ ጫፍና አረንጓዴ ሸክላ በኋላ፣ በካራማን አሚሮች ዘመን የተጨመረ ነው።

ቁባው ከቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 1277፣ የግብፁ ሱልጣን በይበርስ ኤልቢስታን ላይ ሞንጎሎችን ድል አድርጎ ካይሰሪ ገባ። ፐርዋነ ከሁለቱም ወገን ጋር ሲደራደር ቆይቶ ነበርና የኢራኑ ኻን አባቃ ይቅር አላለውም፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ አስገደለው። ኡሉ ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1270 ሞቶ ነበር። ናሪን በኩታይሲ እስከ 1293 ኖረ፤ እሱም ሲሞት ልጆቹ በዙፋኑ ተጣሉ።

የኮንያው ግቢ ከ1927 ጀምሮ ሙዚየም ነው። የመውላና የዕረፍት ቀን በየዓመቱ በታኅሣሥ ይታሰባል፤ ሌሊቱንም የሠርግ ሌሊት ብለው ይጠሩታል። በዚያ ሰሞን ከሚመጡት ጎብኚዎች መካከል ከትብሊሲ የሚነሡ አሉ፤ መንገዱ ሙሽራዋ ታማር ካህናቷንና የታሰረውን የአጎቷን ልጅ ይዛ ከሄደችበት መንገድ ብዙም አይርቅም።